ቁጥርና ስም፦ ከአማኒ የዕፅዋት አፀድ እስከ ገበሬው ጓሮ

በሰሜን ምሥራቅ ታንዛንያ፣ ከታንጋ ወደብ ወደ ምዕራብ ሲዘለቅ፣ የሕንድ ውቅያኖስ እርጥብ ነፋስ የማይለያቸው የምሥራቅ ኡሳምባራ ተራሮች ይገኛሉ። በእነዚህ ተራሮች ላይ፣ በደን መካከል፣ አማኒ የምትባል አነስተኛ ሠፈር አለች። ቃሉ በስዋሂሊ «ሰላም» ማለት ነው፤ ምንጩ ዐረብኛ ሲሆን ከእኛው «አማን» ጋር ይዛመዳል። ይህች ሠፈር በዓለም የሳይንስ ታሪክ ስሟ የሚነሣው ከመቶ ዓመት በፊት በተተከለባት የዕፅዋት አፀድ ምክንያት ነው።

ስለ አማኒ የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ በአፀዱ አጥር ውስጥ ስለተሠራው ሥራ ይናገራል። ከአጥሩ ወጥቶ በየገበሬው ጓሮ ስለ ኖረው ነገር የተነገረው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ በምሥራቅ አፍሪቃ የሚሊዮኖች ማዕድ የተመሠረተበት አንድ ሥር፣ እንዲሁም ዳግመኛ ክብር ያገኙት የአገር ቅጠላ ቅጠሎች ታሪክ፣ በአንድ ወገን ከዚህ አፀድ፣ በሌላው ወገን ስማቸው በየትም ካልተመዘገበ የጓሮ አትክልተኞች ጋር የተሳሰረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለወደብ የተተከለ አፀድ

የዕፅዋት አፀድ ወይም ቦታኒክ ጋርደን ሲባል ዛሬ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው የሽርሽር ቦታ ነው፤ አበባ፣ ጥላ፣ ሙሽሮች ፎቶግራፍ የሚነሡበት መስክ። በቅኝ ግዛት ዘመን የነበረው ትርጉም ግን ከዚህ የራቀ ነበር። እንግሊዞች በ1898 በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የኢንቴቤን አፀድ ሲያቋቁሙ፣ ጀርመኖችም በ1902 በአማኒ የሥነ ሕይወትና የእርሻ ተቋማቸውን ሲከፍቱ፣ ዓላማቸው ተመሳሳይ ነበር። ከሌላ አህጉር የመጣ ተክል በዚህ አፈር ይጸድቅ እንደሆነ መፈተን፣ ከጸደቀም ለሰፋፊ እርሻዎች ማከፋፈል፣ ምርቱንም በወደብ በኩል ወደ አውሮፓ መላክ ነበር።

ለዚህ ሥራ አርአያ የሆነው የሲሳል ታሪክ ነው። ሪቻርድ ሂንዶርፍ የተባሉት የጀርመን የእርሻ ባለሙያ በ1893 ከአሜሪካ ካስመጧቸው የሲሳል ችግኞች አብዛኞቹ በጉዞ ላይ ደርቀው 62 ብቻ በሕይወት እንደ ደረሱ ይነገራል። ከእነዚያ ጥቂት ችግኞች የተራባው ቃጫ የታንጋን ሜዳ ሁሉ ሸፈነ፤ ታንጋኒካም በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዓለም ቀዳሚ ከሆኑት የሲሳል አምራቾች አንዷ ለመሆን በቃች። የአማኒ ሊቃውንት ይህን የመሰለ ሌላ ዕድል ፍለጋ የጎማ ዛፍን፣ ቡናን፣ ካምፎርን፣ ቅመማ ቅመምን፣ የወባ መድኃኒት የሚወጣበትን የሲንኮና ዛፍ በየረድፉ ተከሉ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈንድቶ የእንግሊዝ መርከቦች ባሕሩን በዘጉ ጊዜ፣ የጀርመን ጦር የሚውጠው ኩዊኒን የተዘጋጀው ከዚሁ ከአማኒ የሲንኮና ቅርፊት ነበር። አማርኛው «ክኒን» የሚለውን ቃል የወረሰው ከዚሁ መድኃኒት ስም ነው።

በአፀዱ ዙሪያ የሚኖረው የሻምባላ ሕዝብ በበኩሉ የራሱ የእርሻ ጥበብ ነበረው። ሙዝ ከጥንት ጀምሮ ዋና ምግቡ ነበር፤ በየቤቱ ዙሪያ በቆሎውን፣ ባቄላውን፣ ሥራ ሥሩንና ቅጠላ ቅጠሉን አደባልቆ ይተክላል። በዚያ ዘመን አስተሳሰብ ግን ይህ ሁሉ ከ«ሳይንስ» የሚቆጠር አልነበረም። የገበሬው ጓሮ ለአፀዱ የጉልበት ምንጭ እንጂ የዕውቀት ምንጭ ሆኖ አልታየም።

የረሃብ ቀን ሥር

በዚያ ችላ በተባለው ጓሮ ውስጥ ከቆሙት ተክሎች አንዱ ካሳቫ ነው። ካሳቫ የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች ወደ ምዕራብ አፍሪቃ አመጡት። በምሥራቁ ጠረፍ በኩል ደግሞ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች አድርጎ ገባ። ዘር አያስፈልገውም፤ ግንዱ ክንድ በማይሞላ ቁራጭ ተቆርጦ መሬት ላይ ሲሰካ ይጸድቃል። ድርቅ ይችላል፤ በደከመ አፈርም ይበቅላል። ሥሩ ከመሬት በታች ስለሚኖር አንበጣ ቅጠሉን ቢጨርሰው እንኳ ቤተሰቡ የሚበላው አያጣም። ሲፈለግ የሚቆፈር፣ ሳይፈለግ በአፈሩ ውስጥ ለወራት የሚቆይ፣ ጎተራ የማያሻው እህል ነው ማለት ይቻላል። በጠረፉ አካባቢ ቅጠሉም አይጣልም፤ ተወቅጦ በኮኮናት ወተት ሲሠራ «ኪሳምቩ» የተሰኘው ተወዳጅ ወጥ ይሆናል። በደቡብ ኢትዮጵያም በወላይታ፣ በጋሞና በአማሮ የሚኖር አንባቢ ይህን ተክል አሳምሮ ያውቀዋል።

የቅኝ ገዢዎቹ አስተዳደሮች ካሳቫን «የረሃብ ቀን ሰብል» ብለው ይመለከቱት ነበር፤ በየቦታውም ገበሬው ለክፉ ቀን እንዲተክለው በትእዛዝ ያስገድዱ ነበር። ይሁንና ተክሉ የራሱ ጠላት ነበረው። በ1894 ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ኦቶ ዋርበርግ፣ ዛሬ ታንዛንያ ከምትባለው አገር በመነሣት፣ የካሳቫን ቅጠል አዥጎርጉሮ የሚያጨማድድ በሽታ እንዳለ ጻፉ። ይህ ኋላ «ሞዛይክ» የተባለው በሽታ ሲሆን፣ ተሸካሚው ነጭ ዝንብ የምትባል ደቃቅ ነፍሳት ናት። የታመመው ተክል ሥሩ ይቀጭጫል። ገበሬው ከታመመው ግንድ ቆርጦ ሲተክል ደግሞ በሽታውን አብሮ ይተክላል።

ያልታሰበው ጋብቻ

አማኒ ከጀርመኖች እጅ በ1916 ወጣች። ከጦርነቱ በኋላ ለዓመታት ተረስታ ቆይታ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር የምሥራቅ አፍሪቃ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሆና እንደገና ተከፈተች። በተክል ቫይረሶች ጥናት ስማቸው የታወቀው ሃሮልድ ስቶሬይ የመጡት በዚህን ጊዜ ነው። ስቶሬይና ረዳታቸው ኒኮልስ በ1930ዎቹ አጋማሽ ሞዛይክን የሚቋቋም ካሳቫ ፍለጋ ጀመሩ። በ1936 ደግሞ ስቶሬይ በጠረፉ አካባቢ ሌላ በሽታ መኖሩን አስታወቁ። ይህኛው በግንዱ ላይ ቡናማ ሰንበር ያወጣል፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ቅጠሉ ደኅና መስሎ እየታየ ሥሩን ከውስጥ ማበላሸቱ ነው። ገበሬው ጉዳቱን የሚያውቀው ቆፍሮ ካወጣ በኋላ ነው።

ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡት የካሳቫ ዝርያዎች ለሁለቱ በሽታዎች በቂ መከላከያ አልነበራቸውም። መፍትሔው የተገኘው ከማይጠበቅ አቅጣጫ ነበር። ጀርመኖች በዘመናቸው «ሴያራ» የተባለውን የብራዚል የጎማ ዛፍ በሰፊው ተክለው ነበር። የጎማ ዋጋ በ1913 ገደማ ሲወድቅ ሥራው ከስሮ ዛፉ በየቦታው ቀረ። ይህ ዛፍ የካሳቫ ቅርብ ዘመድ ነው፤ ሥሩ ግን አይበላም። ስቶሬይና ኒኮልስ ሁለቱን አዳቀሉ። የመጀመሪያው ድቅል በሽታን የሚችል፣ ነገር ግን ለምግብ የማይሆን ነበር። ስለዚህ ያንን ድቅል ደግመው ደጋግመው ከካሳቫ ጋር እያዳቀሉ፣ በየትውልዱ ሥሩ የወፈረውንና ያልታመመውን እየመረጡ ሄዱ። ለአውሮፓ ጎማ እንዲሰጥ የመጣ ዛፍ፣ ያለ ማንም አስቀድሞ ማሰብ፣ ለአፍሪቃ ማዕድ ጠባቂ ሆነ።

ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ችግኞች ተፈተኑ፤ እያንዳንዳቸውም ቁጥር ተሰጣቸው። ከእነዚህ አንዱ 46106/27 የሚል ነበር። ቁጥሩ ለመዝገቡ ይበጃል፤ ለሚተክለውና ለሚበላው ሰው ግን ምንም አይናገርም። በ1940ዎቹ መጨረሻ የጣቢያው ዋና ሥራ ወደ ናይሮቢ አቅራቢያ ወደ ሙጉጋ ተዛወረ፤ የካሳቫውም የማዳቀል ሥራ በ1957 ተቋረጠ። የቅኝ ግዛቱ ዘመን እያበቃ ነበርና ሥራውን የሚቀጥል አልተገኘም።

ዘሩ በየአቅጣጫው ሲሄድ

የአማኒ ፍሬ ከተራራው የወረደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መንገድ የቢሮና የቤተ ሙከራ ነበር። ከአማኒ የተላከ ዘር ናይጄሪያ ደርሶ በኢባዳን ተዘራ፤ ከዚያም 58308 የተባለ ተክል ተመረጠ። በ1970ዎቹ በኢባዳን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር እርሻ ምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኮሪያዊው ሊቅ ሃን ሳንግ ኪ በዚህ ተክል ላይ ተመሥርተው፣ ብዙ ምርት የሚሰጡና ሞዛይክን የሚችሉ ዝርያዎችን አወጡ።

የእነዚህ ዝርያዎች ዋጋ የታየው በዩጋንዳ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሉዌሮ አውራጃ፣ ከዚያ ቀደም ከታየው የከፋ ሞዛይክ ተነሣ። በየዓመቱ በአሥሮች ኪሎ ሜትር እየገፋ አገሩን አዳረሰ። ኋላ እንደታወቀው ሁለት ቫይረሶች ተዳቅለው የፈጠሩት አዲስ ቫይረስ ነበር። በምሥራቁ ክፍል፣ በተለይ ካሳቫ ዋና ምግቡ በሆነው በቴሶ፣ ገበሬዎች ተክሉን እስከ መተው ደረሱ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በረሃብ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። በዚህን ጊዜ ከኢባዳን የመጡት፣ በደማቸው የአማኒ የጎማ ዛፍ ያለባቸው ዝርያዎች ተከፋፈሉ። አንዱ በቤተ ሙከራው መዝገብ ቲ.ኤም.ኤስ. 30572 ይባል ነበር፤ በመንግሥት ይፋ ስሙ ናሴ 3 ሆነ፤ በሕዝቡ ዘንድ ግን «ሚጄራ» እየተባለ ታወቀ። በየገበያውና በየሰርጉ ቤት የተነሣው ይህ የመጨረሻው ስም ነው። ግንዱም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ ከእናት ወደ ተዳረች ልጅ እየተሸከፈ ሄደ።

ከቁጥር ወደ ስም

ሁለተኛው መንገድ ጸጥተኛ ነበር። በአማኒ የተመረጡ ተክሎች ወደ ጠረፉ የሙከራ ማሳዎች ወርደው፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ገበሬው ማሳ ተሻገሩ። ይህን መሻገር የመዘገበ ጸሐፊ የለም። ካሳቫ በግንድ ቁራጭ ስለሚራባ ሽያጭም ሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም። ደስ ያሰኘውን ተክል ያየ እንግዳ ሲመለስ ጥቂት ቁራጭ ይዞ ይሄዳል፤ የሰጠውም ሰው ምንም አይጎድልበትም። ከአንድ ተክል የተቆረጠው ሁሉ ራሱ ያው ተክል ነው።

የጣቢያው በሮች ከተዘጉ፣ ተመራማሪዎቹም ወደየአገራቸው ከተመለሱ ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ያ ሁለተኛው በሽታ፣ ቡናማው ሰንበር፣ ከጠረፍ ተነሥቶ ወደ መሐል አገር ወጣ። በ2004 በዩጋንዳ ታየ። ከዚያ ቀደም በሽታው በደጋው አይጸናም ተብሎ ይታመን ስለነበር ነገሩ ብዙዎችን አስደነገጠ። ከሞዛይክ ያዳኑት አዳዲስ ዝርያዎች ለዚህኛው በቀላሉ ተሸነፉ። ቅጠላቸው ለምለም ሆኖ ሥራቸው በስብሶ ተገኘ። ተመራማሪዎች እንደገና መከላከያ ያለው ተክል ፍለጋ ተነሡ።

በኬንያ ጠረፍ ገበሬዎች «ካሌሶ» የሚሉት፣ በታንዛንያ ደግሞ ገበሬዎች «ናሚኮንጋ» የሚሉት ካሳቫ በበሽታው መካከል ቆሞ ተገኘ። በዘር መለያ ምርመራ ሲፈተሽ ሁለቱ ስሞች የአንድ ተክል ስሞች ሆኑ። ተክሉም ሌላ ሳይሆን የአማኒው 46106/27 ነበር። በ2016 የታተመ የካሳቫ የዘረ መል ጥናትም የጎማ ዛፉ አሻራ በብዙ የአፍሪቃ የካሳቫ ዝርያዎች ውስጥ ዛሬም እንዳለ አረጋገጠ። ዛሬ ቡናማ ሰንበርን የሚችል ዝርያ ለማውጣት በሚደረገው ጥረት ናሚኮንጋ ከዋነኞቹ ወላጆች አንዱ ነው።

ተክሉ የተዳቀለው በአማኒ መሆኑ የማይካድ ነው፤ ያለ ስቶሬይና ያለ ባልደረቦቻቸው ትዕግሥት ናሚኮንጋ ባልኖረ ነበር። በሕይወት ያቆየው ግን ጣቢያው አይደለም። ያቆዩት በየዓመቱ ግንዱን እየቆረጡ የተከሉት፣ ሥሩ የሚጣፍጥና የማይበሰብስ መሆኑን በድስታቸው ያረጋገጡት፣ ስም ያወጡለትም ገበሬዎች ናቸው። በመዝገብ ውስጥ የቀረ ቁጥር የሚነሣው መዝገቡ ሲገለጥ ብቻ ነው። ስም ግን ሰው ግንድ ሲለምን፣ ገበያ ሲጠይቅ፣ ስለ ምሳ ሲያወራ በየቀኑ ይነሣል።

ወደ ናይሮቢ የተጓዘው ማኅደር

ከአማኒ የወጣው ካሳቫ ብቻ አልነበረም። ከተቋሙ ምሥረታ ጀምሮ ሲሰበሰብ የቆየ የደረቁ ዕፅዋት ማኅደርም (ሄርባሪየም) ነበር። ማኅደሩ በ1950 ወደ ናይሮቢ ተዛውሮ የምሥራቅ አፍሪቃ ሄርባሪየም ሆነ። ዛሬም በኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ሥር ይገኛል። ይህን ስብስብ መሠረት ካደረጉት ሥራዎች ትልቁ የሐሩር ምሥራቅ አፍሪቃ ዕፅዋት ዝርዝር ሲሆን፣ ኅትመቱ በ1952 ተጀምሮ በ2012 ሲጠናቀቅ ከ12 ሺህ በላይ የዕፅዋት ዓይነቶችን አካቷል።

በማኅደሩ ሥራ ውስጥ የስም ጉዳይ ቀድሞም ቢሆን ጨርሶ አልተዘነጋም። በአማኒ የዕፅዋት ሊቅ የነበሩትና ስብስቡን ይዘው ወደ ናይሮቢ የተሻገሩት ግሪንዌይ፣ በ1940 የስዋሂሊ፣ የሳይንሳዊና የእንግሊዝኛ የዕፅዋት ስሞችን መዝገበ ቃላት አሳትመው ነበር። ስሙን የነገራቸው ያገሬው ሰው ስለሆነ መዝገበ ቃላቱ ሳይታወቅ የመንደሩን ሰው ዕውቀት ምስክር ሆኗል። ይሁን እንጂ ስም መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፤ ተክሉን ወደ ማዕድ መመለስ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራ ሌላ ትውልድ ጠብቋል።

የጎመን ክብር

በናይሮቢ ገበያ የሚዘዋወር የአማርኛ ተናጋሪ በቅጠል ሻጮች መደብ ላይ የሚያውቃቸውን ዘመዶች ያገኛል። ኬንያውያን «ማናጉ» የሚሉት የእኛ አውጥ ወገን ነው። እኛ አገር ልጆች ፍሬውን ለቅመው ይበሉታል፤ እነርሱ ቅጠሉን ይቀቅላሉ። «ቴሬሬ» የሚሉት ከአሉማ ወገን ነው። «ኩንዴ» የአተር ዘመድ የሆነ ጥራጥሬ ቅጠል ሲሆን፣ «ምሬንዳ» ደግሞ ሲበስል የሚያሟልጭ፣ ከኡጋሊ ጋር የሚወደድ ቅጠል ነው።

እነዚህ ቅጠሎች በቅኝ ግዛት ዘመንና ከዚያም በኋላ ከከተማው ማዕድ እየራቁ ሄደው ነበር። ትምህርት ቤቱና የእርሻ ባለሙያው የሚያበረታቱት ከውጭ የመጣውን ጥቅል ጎመንና «ሱኩማ ዊኪ» («ሳምንቱን ግፋ») የተባለውን ቅጠል ነበር። የአገሩ ቅጠል በአረም ተቆጠረ፤ የድኻ፣ የባላገር፣ የአሮጊት ምግብ ተባለ። ይህ ስሜት ለአማርኛ ተናጋሪም እንግዳ አይደለም። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት ራሱ ጎመንን ከጤና ጋር ያጣመረው ከሥጋ ዝቅ አድርጎ ነው፤ ሰው ሰላም ካለው ጎመንም ይበቃዋል ለማለት ነው እንጂ ጎመን የክብር ምግብ ነው ለማለት አይደለም።

ለውጡ የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። በናይሮቢው ማኅደርና ሙዚየም አካባቢ የነበሩ ሊቃውንት የየብሔረሰቡን የምግብ ዕፅዋት መሰብሰብና ማጥናት ያዙ። ፓትሪክ ማውንዱ፣ ንጉጊና ክሪስቲን ካቡዬ በ1999 ያወጡት የኬንያ ባህላዊ የምግብ ዕፅዋት መጽሐፍ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። ካቡዬ ማኅደሩን ለብዙ ዓመታት የመሩ ዩጋንዳዊት የዕፅዋት ሊቅ ናቸው። መጽሐፉ የተክሉን ሳይንሳዊ መግለጫ ብቻ ሳይሆን፣ በየቋንቋው ያለውን ስምና የሚበላበትን መንገድ አብሮ አቀረበ። በዚያው ሰሞን ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ተመራማሪዎችና የሴቶች ማኅበራት ተባብረው የአገር ቅጠላ ቅጠልን የማስተዋወቅ ሥራ ጀመሩ። ንጹሕ ዘር ለገበሬዎች ደረሰ፤ የአሠራር መመሪያዎች ተዘጋጁ፤ እናቶች የሚያበስሉባቸውና ሕዝብ የሚቀምስባቸው ትርዒቶች ተካሄዱ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ፣ ቀድሞ በመንገድ ዳር በጆንያ ላይ ብቻ ይታይ የነበረው ማናጉ በናይሮቢ ታላላቅ መደብሮች ውስጥ ታስሮ መሸጥ ጀመረ።

በ2007 ኬንያ ባህላዊ የምግብ ሥርዐቷን ለመጠበቅ አንድ ሰፊ ሥራ ጀመረች። ተመራማሪዎችና የየአካባቢው ማኅበራት አብረው 850 ያህል የአገር በቀል የምግብ ዕፅዋትን ከየቋንቋው ስማቸው ጋር መዘገቡ። ሥራው በምዕራብ ኬንያ በኢሱካ ማኅበረሰብና በምሥራቅ ፖኮት ሲካሄድ፣ በመዝጋቢነት ከተሰማሩት መካከል የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ልጆቹ ከአያቶቻቸው እግር ሥር ተቀምጠው የተክሉን ስም፣ የሚበቅልበትን ስፍራ፣ የሚበስልበትን መንገድ እየጠየቁ ጻፉ። ቀደም ሲል ትምህርት ቤት ልጁን ከአያቱ ጓሮ የሚያርቅ ነበር፤ አሁን ትምህርት ቤቱ ራሱ ወደዚያው መለሰው። በ2010ዎቹ ደግሞ በቡሲያ የገበሬዎች ቡድኖች የአገር ቅጠላ ቅጠልን ለትምህርት ቤቶች ምሳ ማቅረብ ጀመሩ። በ2021 ዩኔስኮ ይህን የኬንያ ሥራ በመልካም የቅርስ ጥበቃ ተሞክሮዎች መዝገብ ላይ አሰፈረው።

በኢትዮጵያ

ተመሳሳይ ትምህርት በኢትዮጵያም በሌላ መንገድ ተገኝቷል። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘረ መል ማዕከል የአገሩን እህል ዘሮች በብርድ ክፍል ማስቀመጥ ጀመረ። ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን በብርድ ክፍል ውስጥ ያለ ዘር ብቻውን በቂ አለመሆኑን ይናገሩ ነበር። በ1980ዎቹ በደረሰው ድርቅ ገበሬው የዘር እህሉን እስከ መብላት ሲደርስ፣ የአገሩ ዝርያዎች ከነጭራሹ እንዳይጠፉ ርብርብ ተደረገ። ከዚያም ዝርያዎቹ በገበሬው ማሳ ላይ፣ በገበሬው ምርጫ እየተዘሩ እንዲጠበቁ የሚያደርግ ሥራ ተስፋፋ። ዶክተር መላኩ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት የተቀበሉት ለዚህ ሥራቸው ነው።

በደቡቡ ክፍል የእንሰት ጓሮ ደግሞ ከማንኛውም ተቋም ቀድሞ የነበረ ማኅደር ነው። እናቶች በአንድ ጓሮ ውስጥ ያሉትን የእንሰት ዓይነቶች አንዱን ለቆጮ፣ አንዱን ለቃጫ፣ አንዱን ለመድኃኒት ብለው በየስማቸው ለይተው ያውቃሉ። በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር የተቋቋመው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ደግሞ ሲጀመር ከውጭ ለሚመጣ ተክል ሳይሆን ለአገሩ ዕፅዋት የተሰጠ ነው። ከኢንቴቤና ከአማኒ የሚለየውም በዚህ ነው።

የዛሬዋ አማኒ

አማኒ ከ1997 ጀምሮ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ናት። ጀርመኖች የተከሏቸው ዛፎች አንዳንዶቹ ዛሬም ቆመዋል። ከአፀዱ የወጣው ሁሉ በረከት አልነበረም። ከሌላ የአፍሪቃ ክፍል መጥቶ የተተከለው ሙሲዚ የተባለው ፈጣን ዛፍ ከአጥሩ አምልጦ የኡሳምባራን ጥንታዊ ደን ወረረ፤ ዛሬ የደን ጠባቂዎች ራስ ምታት ነው። ሙሲዚን በደኑ ውስጥ ያስፋፉት በዋነኛነት ወፎች ናቸው፤ ማንም መርጦት፣ ማንም ቀምሶት አይደለም። ናሚኮንጋን ያስፋፋው ግን የሰው ምርጫ ነው።

ዛሬ በምሥራቅ አፍሪቃ ከተሞች መሬት እየጠበበ፣ ወጣቱም ከገጠር እየወጣ ሲሄድ፣ ግንድ ቆርጦ ለጎረቤት የሚሰጠው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ማኅደሩ የተክሉን ቅጠል፣ የዘር ባንኩም ዘሩን ሊያቆይ ይችላል። ተክሉ መቼ እንደሚቆፈር፣ ምኑ መራራ እንደሆነ፣ በምን እንደሚበላ ግን የሚያቆየው የሚተክለውና የሚያበስለው ሰው ነው። ስለዚህ የዕፅዋት አፀዶች ለጓሮ አትክልተኞች በራቸውን ሲከፍቱ፣ ትምህርት ቤቶችም የአገር ምግብ ቀን ሲያዘጋጁ፣ የሚሠሩት ሥራ ለሕዝቡ የሚደረግ ቸርነት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ምናልባት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሌላ በሽታ ሲመጣ፣ ሊቃውንት የሚፈልጉት ተክል ዛሬ አንዲት እናት በጓሮዋ በአንድ ስም የምትጠራው ሊሆን ይችላል።